ሚካ ከጉድጓድ እስክትወጣ

ገመዱ ላልቷል። ጢማሬታ ግን ማጨብጨቧን አታቆምም። ጭብጨባው ከቆመ ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት እባቦች ሰው የሄደ መስሏቸው ከየጥጋቸው ይወጣሉ። ገመዱን ወገቧ ላይ አስራ የወረደችው ደግሞ ልጇ ሚካ ናት።

ኮረብታው ላይ ያሉት ባለትዳር ሴቶች ብቻ ናቸው። ወንዶቹ የእህሏ አምላክ የዴሜተር በዓል እስኪያልፍ እቤታቸው ምስር እያሳረሩ ነው። በበጋ ጉድጓዱ ውስጥ የተጣሉት የአሳማ ግልገሎች አሁን በስብሰዋል። ብስባሹን አንዷ ወርዳ በቅርጫት ታወጣለች፤ ከዘር ጋር ይቀየጣል። ያለዚያ ዴሜተር ማሳውን ዞር ብላም አታየው። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ቀርቷል።

ቢሆንም መሰዳደብ ግዴታ ነው። ዴሜተር ልጇን አጥታ በሐዘን ስትንከራተት ያሳቃት ስድብ ብቻ ነበር።

«አንቺ ጢማሬታ! ያንቺ ጭብጨባ እባብ ያስተኛል እንጂ አያባርርም» ትላለች እትዬ ኒቆ፣ የበዓሉ አለቃ። «ባልሽ በጊዜ የሚያንኮራፋው ለካ ለዚህ ነው!»

«ያንቺውስ ሞቶ አይደል ያረፈው?» ትላለች ጢማሬታ። ዓይኗ ገመዱ ላይ ነው። ስድብ ስለሆነ ግን ተቆጠረላት።

«እትዬ ኒቆ፣ አሳማዎቹ ግን ምን አጠፉ?» ትጠይቃለች ዘንድሮ ያገባች አንዲት ሙሽራ።

«ምንም። የዴሜተር ልጅ አበባ ስትቀጥፍ መሬት ተሰንጥቆ የሙታን ንጉሥ ወሰዳት። አሳማዎቹ እዚያው ሲቆፍሩ ነበር፤ አብረው ገቡ። የትልቅ ሰው ሰርግ አጠገብ የቆመ መጨረሻው ይኸው ነው።»

«አባትየውስ ዝም አለ?»

«እሱማ ፈቅዶ ነው የሰጣት። ያልተነገራት እናትየው ናት። እሷም ምድሩን አደረቀችዋ! ልጅቷ በየዓመቱ ወደ እናቷ ስትወጣ ይለመልማል፤ ስትወርድ ደግሞ፣ ያውልሽ።» በአገጯ ሜዳውን ታሳያለች። መሬቱ እንደ አሮጌ ሸክላ ተሰነጣጥቋል።

ጢማሬታም አልተነገራትም ነበር። በጸደይ ባሏ ከመጠጥ ግብዣ ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ «ሚካን ለዘይት ጨማቂው ሰጥቻታለሁ» አላት። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጢማሬታ ምድር የምታደርቅበት ሥልጣን ስለሌላት ለሰርግ ልብሷ ሱፍ መፍተል ጀመረች፤ በበጋም ሚካ ተዳረች።

ገመዱ አሁንም አልተነቃነቀም።

«እትዬ ኒቆ፣ ቆየች።»

«ቅርጫት እየሞላች ነው።»

«ኧረ በጣም ቆየች!»

«አጨብጭቢ አልኩሽ!» በዚህኛው ውስጥ ቀልድ የለም። ጢማሬታ እስከ ዛሬ ኒቆ መቀለድ ስታቆም አይታ አታውቅም።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ትንበረከካለች። ጨለማውና ግማቱ አንድ ላይ ፊቷን ይመቷታል። እዚህ ላይ ስም መጥራት ክልክል ነው፤ ከላይ የተጠራውን ስም የታችኛውም ንጉሥ ይሰማዋል፤ ስሙን ካወቀ ደግሞ እሱም ይጠራል።

«ሚ—»

ኒቆ በመዳፏ የጢማሬታን አፍ ትደፍነዋለች። መዳፉ ቀዝቃዛ ነው፤ አሮጊቷ በሌላ እጇ ገመዱን ጨብጣለች።

ገመዱ ተወጠረ።

«ሳቡ! ሳቡ እናንተ ሰነፎች!»

መጀመሪያ ቅርጫቱ፣ ቀጥሎ ጭንቅላት ብቅ ይላል። ሚካ እስከ ፀጉሯ ብስባሽ ተቀብታ ወጣች፤ ትተነፍሳለች። ሁለት እርምጃ እንደሄደች አጎንብሳ ታስመልሳለች።

«ሽታው ነው። በባዶ ሆዷ!» ይላሉ ሴቶቹ፣ እየሳቁ።

ሚካ የእናቷን ክንድ ይዛ ወደ ጆሮዋ ትጠጋለች። «ሽታው አይደለም እማዬ። እቤትም ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። አንቺ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?»

ጢማሬታ ታውቃለች። ታናሽ እህቷም በዚሁ ዕድሜ፣ በዚሁ ጠባብ ዳሌ፣ ለመጀመሪያ ምጧ ገብታ አልወጣችም። እዚያ ገመድ የሚይዝ የለም።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ቅርጫቱ ላይ ጠብ ትላለች። ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ዝናቡ ይወርዳል።

«ሰማችን!» ትጮኻለች ኒቆ። ኮረብታው በእልልታ ይናጣል።

ጢማሬታ እልል አትልም። በቀሚሷ ጫፍ የልጇን ፊት ትጠርጋለች፤ ዝናቡም ያግዛታል። ከብስባሹ ሥር ግንባር ይወጣል፤ ግንባሩ ላይ አንዲት ብጉር፤ ከዚያ ጉንጭ፣ ገና ክብ የሆነ፣ የልጅ ጉንጭ።