ቱሜ ያከራየችው ሙያ

ሙያን ማከራየት ከተፈቀደ ወዲህ ያቤሎ ውስጥ ብዙ ሰው አልፎለታል። የተከራየ ሙያ ግን ውሉ እስኪያበቃ ድረስ ከባለቤቱ ጭንቅላት ይወጣል። ቱሜ ለእርጎ ፋብሪካ ያከራየችው የወተት ቅል ማጠን ነው፤ የትኛው እንጨት ከየትኛው እንደሚስማማ፣ ጭሱ መቼ እንደሚበቃው። በኪራዩ ቤታቸው ቆርቆሮ ለበሰ፣ ልጆቻቸውም ከተማ ገብተው ተማሩ።

ዛሬ ውሉ የሚታደስበት ቀን ነው። ጠዋት ባሏ ገልገሎ ከሱቅ የታሸገ እርጎ ገዝቶ መጣና በኩባያ ቀድቶ ሰጣት።

«ደህና ነው» አለች ቀምሳ። «ጭስ ጭስ ይላል እንጂ።»

ገልገሎ አንገቱን ደፋ። ሊያጫት ወላጆቿ ቤት የሄደ ዕለት የጠጣው እርጎ ጣዕሙ ይኸው ነበር።

«ያንቺ እኮ ነው» አላት።

ቱሜ ደግማ ቀመሰች፤ ምንም አልመጣላትም።

«ማን ነበር ያስተማረኝ?»

«እናትሽ ናቸዋ። እጅሽን ይዘው።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእናቷን ቅል አወረደችና አፉን ከፍታ ብዙ አሸተተችው። እጇን የያዘው እጅ ምን ይመስል እንደነበር ጠፋባት።

ውል አዳሹ ከደጅ ሲጣራ ገልገሎ ተነሳ።

«ሙያዬን እንጂ እናቴን አላከራየሁም በለው» አለችው።