የሦስተኛው ሻምበል መጠይቅ

ኮርዊን የመጨረሻውን ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ ሲያወጣ ግሌንዳ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ቦርሳዋን ወደ እግሯ ሳበች። አሁን ይወድቃል አለች በልቧ፤ አሁን ጄኔራሉ ይጠይቁታል።

ጄኔራል ሃላም ግን አልጠየቁም። መነጽራቸውን አስተካክለው ቁጥሮቹን አዩና ወደ ሁለቱ ኮሎኔሎቻቸው ዞር ብለው ፈገግ አሉ።

ግሌንዳ በዚህ የቨርጂኒያ ጦር ሰፈር የጥናት ክፍል ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ወታደሩ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያደክመው፣ ማንን እንደሚያምን መጠየቅና ለአለቆቹ መንገር ነው። መጠየቁን ታውቅበታለች። ችግሩ መንገሩ ላይ ነው። አዛዦች መደምደሚያው ከሁሉ ቀድሞ እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ፤ እሷ ደግሞ ከሥር ከመሠረቱ ካልጀመረች አይሆንላትም፣ ነጥቡ ላይ እስክትደርስ ሰዎቹ ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ኮርዊን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና አራት ዓመቱ ነው፣ ሥራውን ያስተማረችውም እሷ ናት። እሱ ግን የዓመት ጥናት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቋጫል፣ ያስቃል፣ ይወደዳል። ባለፈው ወር የክፍል ኃላፊነቱ ቦታ ለእሱ ታስቧል የሚል ወሬ ስትሰማ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ለስሜቷ ሌላ ስም ልታወጣለት አልሞከረችም። ቅናት ነው፤ ያንጨረጭራል።

የዛሬው ጉዳይ አንድ ሻለቃ ጦር ነው። ከግዳጅ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም። በጥቅምት እንደገና ይላክ ወይስ ይረፍ? የኮርዊን ጥናት የሰዎቹ መንፈስ ጠንካራ ስለሆነ መሄድ ይችላሉ ይላል።

ግሌንዳ ስህተቱን ያየችው ማክሰኞ፣ በእርሳስ የተሞሉትን መጠይቆች ማኅደር ውስጥ ስታስገባ ነው። ኮርዊን ኮምፒውተር ውስጥ የገባውን ቁጥር እንጂ ወረቀቱን አገላብጦ አላየም። ከሻለቃው ሦስተኛ ሻምበል የመጡት ሰማንያ ስምንት ወረቀቶች ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነበሩ፦ እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እስማማለሁ። በአንደኛው ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት "ሻምበል ባሻው ከኋላችን ቆመው እያዩን ነው" የሚል ተጽፏል። ወታደር መጠይቅ ሲሞላ አለቃው ከክፍሉ ይወጣል፤ የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው። መጠይቁን ከሞሉት ግማሽ ያህሉ የዚህ ሻምበል ሰዎች ነበሩ፤ የእነሱ መልስ ከድምሩ ሲወጣ ደግሞ የቀረው ሻለቃ ደክሟል፣ ክፉኛ ደክሟል።

ጀርባዋ የተጻፈባትን ወረቀት ይዛ እስከ ኮርዊን በር ድረስ ሄዳ ነበር። እሱ በስልክ ዓርብ ጄኔራል ፊት እንደሚቀርብ ለእናቱ እየነገራት ይስቃል። ግሌንዳ ከበሩ ተመለሰች። ጄኔራሉ ራሳቸው ይድረሱበት፣ ሰው ፊት ይዋረድ አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያችን ወረቀት በቦርሳዋ ይዛ ዞረች።

ጄኔራሉ ተነሡና ለኮርዊን እጃቸውን ዘረጉ። ያ መጨባበጥ ምን እንደሆነ በክፍሉ ያለ ሁሉ ያውቃል። አዛዥ ሥራው ያስደሰተውን ሰው የሚያመሰግነው የጦሩ ምልክት ያለባትን ሳንቲም በመዳፉ ይዞ በማስጨበጥ ነው። ለግሌንዳ በአሥራ ሰባት ዓመት አንዲትም አልደረሰቻትም።

"ጎበዝ፣ ልጄ። ትእዛዙን ዛሬውኑ እፈርማለሁ" አሉት።

ኮርዊን መዳፉን ጨብጦ ወደ ግሌንዳ ዞረ። "ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ጌታዬ" አለ። ከልቡ ነበር፤ ይበልጥ ያቃጠላትም ይኸው ነው። ምነው ክፉ ሰው በሆነና በተገላገልኩ አለች።

እፈርማለሁ የሚለው ቃል ግን ከጆሮዋ አልወጣም። ሻለቃው ስድስት መቶ ሰው ነው። አንድ ሰው ለመጣል የደበቀችው ወረቀት ስድስት መቶውን ይዞ ሊሄድ ነው። ጄኔራሉ ቆባቸውን አነሡ።

"አይፈርሙ፣ ጌታዬ" አለች።

በዕድሜዋ መደምደሚያውን ስታስቀድም ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸውና ሌሎቹ ሰማንያ ሰባት ማኅደር ውስጥ እንዳሉ በሁለት ቃል ነገረቻቸው። ጄኔራሉ ፊቱን አነበቡ፣ ገልብጠው ጀርባውን አነበቡ፣ ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። የኮርዊን ጆሮዎች ቀሉ።

"ይህን መቼ ነው ያገኙት?" አሏት።

ዛሬ ጠዋት ማለት ትችላለች። የሚያጣራ የለም። ቀና ስትል ኮርዊን ያያታል፤ የተቆጣ አይመስልም፣ እንዳስተማረችው መልስ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

"ማክሰኞ" አለች።

ኮርዊን ጭብጡን ፈታና ሳንቲሟን ድምፅ እንዳታሰማ ተጠንቅቆ ጠረጴዛው ላይ፣ በእሱና በእሷ መካከል አስቀመጣት። ከነሐስ የተሠራች፣ ጠርዟ ሰማያዊ የሆነ ትንሽ ነገር ናት። እንዲያም ሆኖ ግሌንዳ ዓይኗን ከሳንቲሟ ላይ መንቀል አቃታት።