የቀማሾቹ ጨው

የወንዝ ውኃ ከመጠጣቱ በፊት ቀማሾቹ እንዲቀምሱት ሕግ ወጥቷል። ቀማሾቹ ወንዙ ከጨው ሐይቁ ከሚቀላቀልበት እየተጠመዱ ለየቤቱ የሚታደሉ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ሽሪምፖች ናቸው። ጠዋት በተቀዳው ውኃ ውስጥ እስከ እኩለ ቀን በሕይወት ከቆዩ ቤተሰቡ ይጠጣል። ከሞቱ ግን ከማዕድን ማውጫው የወረደ መርዝ አለበትና ይደፋል።

ሰሞኑን የጎረቤቱ ቀማሾች ሁሉ ሲያልቁ የትብለጥ ስድስቱም ይዘሉ ነበር። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ልጇ ሶስና ያለ ስጋት ትጠጣለች።

ዛሬ ትብለጥ የቀማሾቹን ብርጭቆ ስታነሳ ውኃው ከንፈሯ ላይ ተረጨ። ጨው ጨው አላት።

«አባባ፣ እዚህ ውስጥ የጨመሩት ነገር አለ?»

አማቷ አያ ደባስ በወጣትነታቸው በግመል ጨው ያመላለሱ ሰው ናቸው። «ቆንጠር አድርጌ ጨው ነዋ። ከጨው ውኃ የመጡ ፍጥረቶች፣ እዚህ ሲሰቃዩ እያየሁ አንጀቴ አልችል አለ። ይኸው አንድም አልሞተ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ማግስት።»

ወር አልፎታል። ትብለጥ ቀማሾቹን ያደሏት ሰውዬ ያሏት ትዝ አላት፤ ጨው ካለ መርዙ እነሱን አይደፍራቸውም፣ ከውኃው ግን አይወጣም። ከእንስራው ጨው ያልገባበት የዛሬ ውኃ ቀዳችና ሽሪምፖቹን ወደ እሱ ገለበጠቻቸው። ብዙም ሳይቆይ አንዷ በጎኗ ወደቀች። ከዚያ ሁለት። ከዚያ አራት።

«እማዬ፣ ውኃ ጠማኝ» አለች ሶስና ከጓዳ።

ዓይናቸው የደከመው አያ ደባስ ከእንስራው ቀዱላት። እንደ ድሮው ወግ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ወደ ትብለጥ ዞሩ።

«አይዞሽ» አሏት፣ «ይሄኛው ጨው የለበትም።»