ባቡሩ ሳይመጣ

የእሑድ ከሰዓቱ የህንድ ፊልም ሲታይ ፈድሊያ በጅማው ሲኒማ ቤት ከባሏ ከቲጃኒ ጎን ተቀምጣ ነበር። ሁለቱም «አይቼው አላውቅም» ተባብለው ነው የገቡት። ሸራው ላይ ባለትዳሯ ሴት ለውሽማዋ እየሳቀች ሻይ ስትቀዳ አዳራሹ «ቱ! ባለጌ!» እያለ አፏጨ።

የፈድሊያ እንባ ግን ዱብ ዱብ አለ። ባለፈው ሐሙስ ይህንኑ ፊልም ያሳያት ሰው በማግስቱ ከሚሊሺያው ጋር ወደ ሰሜን ሄዷል። ፊልሙ ልክ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ኦቾሎኒ ፈልፍሎ መዳፏ ላይ አስቀምጦላት ነበር። ባዶ መዳፏን ጨበጠች።

ቲጃኒ ዞር ብሎ ሲያያት ደነገጠች። አዳራሹ የሚያለቅሰው ኋላ፣ ባቡሩ ውሽማውን ይዞት ሲሄድ ነው። ቲጃኒ መሐረቡን አቀበላት።

«ቆይ እንጂ ፈድሊያ» አላት ቀስ ብሎ፤ «ባቡሩ እኮ ገና አልመጣም።»