ሙግቱ ቤት ገባ

በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጻፍ ሙግት ወረቀት ላይ አይቀርም። መጀመሪያ በጸሐፊው በራሱ ቤት እውን ይሆናል፤ ማርክ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። "በሌላው ላይ የምትፈርደውን ቀድመህ ኑረው" ይላል ደንቡ።

የቢዝነስ ተማሪው ናሁሰናይ የደረሰው ርዕስ "ድርጅት ለኅብረተሰቡ ምን ግዴታ አለበት?" የሚል ነበር። "ምንም! ትርፍ የማያመጣን ሰው በነጻ ማገልገል ደግነት እንጂ ግዴታ አይደለም" ብሎ ተሟገተ። ቢበዛ ድርጅት በነጻ የሚያቀርበው የተማሪ ባስ ቢቀርብኝ ነው፣ በእግሬ እሄዳለሁ ብሎ ነበር ያሰበው።

"ጨረስኩ!" ብሎ ሳሎን ካለው ኮምፒውተር ላከው።

አባቱ አቶ ሽመክት ከሶፋው ቀና አሉ። ጉሮሯቸው ከታመመ ወዲህ የሚናገሩት አንገታቸው ላይ በተለጠፈች፣ የድሮ ድምፃቸውን መልሳ በምታወጣላቸው ትንሽ መሣሪያ ነው። እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁት ጀመር።

"ልጄ፣ ያሰብከው ይሙላልህ!"

"አሜን!"

"እጅህ የነካው ይባረክ!"

"አሜን፣ አባዬ!"

"ከክፉ ነገር..."

ድምፁ ቀጥ አለ።

ናሁሰናይ ባትሪው ያለቀ መስሎት ተጠግቶ አየ። መብራቷ በርቷል። ከሥሯ ግን እስከ ዛሬ ልብ ብሎ አንብቧት የማያውቃት ጽሑፍ አለች፦ "ድርጅታችን ባለበት ማኅበራዊ ግዴታ በነጻ የተሰጠ።"

 ወደ ኮምፒውተሩ ሮጦ ሙግቱን ሊሰርዝ ቢጫን፣ ቢጫን፣ አልሰረዝ አለው።

እናቱ ከጓዳ ብቅ አለች። የአቶ ሽመክት ከንፈር አሁንም ይንቀሳቀሳል፤ የዘረጉት እጅም አልታጠፈም።

"ምን ያፈዝሃል?" አለችው። "አባትህ እኮ እየመረቁህ ነው፤ አሜን በል እንጂ!"