ድንቢጧ ያለችበት ጽዋ

መምህር ኩሮኢዋ የአዲሱን ዓመት የመጀመሪያ ሻይ የሚያቀርቡት ሁልጊዜ በአንድ ጽዋ ነው። በረዶ ያጎበጠው ቀርከሃ፣ ከሥሩም አንዲት ድንቢጥ ተሥሎበታል። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሆስፒታል ሲተኙ ለሕክምናው ከቤቱ ብዙ ዕቃ ተሽጧል። ሲመለሱ ጽዋው ቦታው ላይ ጠበቃቸው።

ሻዩ በሚቀርብበት ዕለት ሸክላ ሠሪው ሳኩማ ከእንግዶቹ ቀድሞ ማልዶ መጣ። ጓዳ ገብቶ ከመምህሩ ሚስት ከሺዙዌ ጋር ዕቃ ሲያሰናዳ አረፈደ። በዋዜማው ወንድሟ ከኦሳካ ያመጣላት ትንሽ ጥቅል መደርደሪያው ላይ ነበር።

ሳኩማ አንድ ነገር ሲጠብቅ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፦ መምህሩ እሱ ከሠራቸው ጽዋዎች የአንዱን ማስቀመጫ ሣጥን እንዲፈርሙለት። ፊርማቸው የሌለበትን ጽዋ በኪዮቶ ሻይ አዋቂ የሆነ ሁሉ አይነካውም።

«ዘንድሮስ አይፈርሙልኝም?»

«ልጄ፣ ያንተ ጽዋ እጅ አያሞቅም። የሆስፒታል ኩባያ ነው።»

እንግዶቹ ሳቁ። ሳኩማም አብሮ ሳቀ።

ውሃው ፈላ። መምህሩ ጽዋውን አነሡት። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ይሄ የእኔ አይደለም።»

«ምነው መምህር፣ ድንቢጧ ያችውና!» አሉ የክብር እንግዳዋ ወይዘሮ ኦቶዋ።

«ድንቢጥ ማንም ይሥላል። ከሥሯ ግን አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታ ነበር። ይሄ ልሙጥ ነው።»

ሁሉም ወደ ሳኩማ ዞረ። ጓዳ የገባው እሱ ነው። እንዲህ አስመስሎ መሥራት የሚችለውም እሱ ነው።

«ጥቅልህን ፍታ» አሉት መምህሩ፣ ከጎኑ ያስቀመጠውን የጨርቅ ጥቅል እያዩ።

ሺዙዌ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል ሳኩማ ራሱን ነቀነቀባት።

«ባይፈታ ይሻላል፣ መምህር።»

«ፍታ አልኩህ!»

ወይዘሮ ኦቶዋ ራሳቸው ፈቱት። ሁለተኛ ድንቢጥ ወጣች። መምህሩ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ አውራ ጣታቸው ጎድጓዳዋን አገኘች።

«ሌባ! ያንን ጭቃህን ይዘህ ውጣልኝ። ከእንግዲህ ያንተን ጽዋ ከንፈሩን የሚያስነካ ሰው ካለ አያለሁ!»

ሳኩማ ግንባሩን ምንጣፉን አስነክቶ ተነሣ። ልሙጡን ጽዋ ጠቅልሎ ሲወጣ መምህሩ ብሩሽ አስመጡ።

«ዳግመኛ እንዳይምታታ» ብለው፣ በእጃቸው የያዙት ጽዋ እውነተኛው መሆኑን ሣጥኑ ላይ ጽፈው ስማቸውን አኖሩበት።

ሺዙዌ በጓዳ በር ዞራ አጥሩ ጋ ደረሰችበት። ሳኩማ ጥቅሉን በሁለት እጁ አቀበላት። እሷም ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሸጣው የነበረውን ጽዋ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው፤ «ይኸው ፈረሙልህ።»