የማንኪያው ሥዕል

የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ የማንኪያውን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ይሄስ ምንድነው የኔ ቆንጆ?» አለቻት። የአራት ዓመቷ ልጅ «ማ» ልትል ከንፈሮቿን ገጠመች፤ እናቷን በቆረጣ አየችና ተወችው።

«ሹካ» አለች ጥርት አድርጋ፣ አንዴም ሳትንተባተብ።

ባለሙያዋ ቅጹ ላይ የኤክስ ምልክት አደረገች። «መንተባተቡ ብቻ አይደለም፤ ቃላትም ያጥሯታል።»

እናት «ኧረ ታውቀዋለች» ልትል አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ልጅቷ ማንኪያ ስትጠይቅ፣ «ማ... ማ... ማ...» ብላ እያስመሰለች እንግዶቹን በሳቅ ያፈረሰቻቸው እናት ራሷ ነበረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቷ ሹካ እየጠየቀች፣ ሾርባዋን በሹካ ስትለቅም ሰነበተች። እናት ቅብጠት መስሏት፣ ትናንት በጥፊ አጩላታለች።